እምቢ ማለት የሚችል ሠራተኛ

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ይህን ንግግር ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፦ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካፒታሊዝምና ሶሻሊዝም ሲነሡ ክርክሩ ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። አንዱ ስለ ነፃነት ያነሣል፤ ሌላው በእኩልነት ይመልሳል። አንዱ የስታሊንን የግዞት ካምፖች ይጠራል፤ ሌላው የባሪያ ንግድንና ቅኝ ግዛትን። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ጠረጴዛ ይደለቃል፣ በመጨረሻ ሁሉም የመጣበትን ሐሳብ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በዚህ ሁሉ መሃል የሠራተኛው ስም መቶ ጊዜ ይነሣል። ጠዋት ተነሥቶ ማሽን ፊት የሚቆመው ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚውል የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

እኔ ዛሬ ክርክሩን በአንድ ጥያቄ ልይዘው እፈልጋለሁ። ሠራተኛው እምቢ ማለት ይችላል ወይ? «ይህ ማሽን አደገኛ ነው፣ አልነካውም» ቢል ምን ይደርስበታል? «በዚህ ደመወዝ አልሠራም» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሥራ ቢያቆም ማን ይመጣበታል? ፋብሪካው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ አልንቀውም። በእኔ እምነት ግን ሁለተኛ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ሁለት ቦታ ልውሰዳችሁ።

የመጀመሪያው ባንግላዴሽ ነው፤ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳቫር። ራና ፕላዛ የሚባል ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበር። የላይኞቹ ፎቆች ያለ ተገቢ ፈቃድ የተጨመሩ ናቸው። ከታች ባንክና ሱቆች፣ ከላይ የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩበት። ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ግድግዳውና ምሰሶዎቹ ተሰነጠቁ። ሰው ሁሉ ወጣ። አንድ መሐንዲስ አይቶ ሕንፃው አደገኛ መሆኑን ተናገረ። በማግሥቱ ባንኩ ሠራተኞቹን እንዳይመጡ አደረገ። ሱቆቹም ዝግ ዋሉ። የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን ግቡ ተባሉ። የሚላክ ትእዛዝ አለ፣ ቀኑ ደርሷል። ካልገቡ ደመወዛቸውን እንደሚያጡ የተነገራቸው ነበሩ። ደጅ ላይ ቆመው ተከራከሩ፣ ፈሩ፣ በመጨረሻ ገቡ። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሮቹ ተነሡ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ተደረመሰ። የሞቱት ከ1,100 በላይ ናቸው። የቆሰሉት 2,500 ገደማ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ጠዋት፣ ያንኑ ስንጥቅ ያዩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ባንክ ቤት የሚሠራው ቤቱ ዋለ። ልብስ ሰፊዋ ገባች። እሷ ስንጥቁን አላየችም እንዳትሉ፤ አይታለች። አደጋውንም አውቃለች። የወር ደመወዟ ከቀረ ግን የቤት ኪራይ የለም። አብሯት ቆሞ «አንገባም» የሚል ማኅበርም አልነበራትም። በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱም የተደራጀ የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም።

ሁለተኛው ቦታ ሶቪየት ኅብረት ነው። ኖቮቸርካስክ በምትባል ከተማ ትልቅ የኤሌክትሪክ ባቡር ፋብሪካ ነበር። በ1962 የፋብሪካው የሥራ ኮታ ከፍ ተደረገ። ኮታው ሲጨምር ክፍያው በተግባር ቀነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጁን 1 ቀን መንግሥት የሥጋን ዋጋ በ30 በመቶ፣ የቅቤን በ25 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። «ከአሁን በኋላ በምን እንኖራለን?» ብለው የፋብሪካውን ዳይሬክተር ጠየቁ። ሥጋ መግዛት ካልቻላችሁ ጉበት የገባበት ፒሮዥኪ ብሉ ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ፒሮዥኪ ርካሽ የሩሲያ ሳምቡሳ ነው በሉት። ያን ጊዜ የፋብሪካው ፊሽካ ተነፋ፣ ሥራ ቆመ።

በማግሥቱ ወደ ከተማው መሃል በሰልፍ ሄዱ። ምን ይዘው እንደሄዱ ልብ በሉ። ቀይ ባንዲራና የሌኒንን ፎቶ ይዘው ነው። የእኛ ነው የተባልነውን መንግሥት እንጠይቅ ብለው ነው የወጡት። ድልድዩ ላይ የቆሙትን ታንኮች የሚያዝ ሻፖሽኒኮቭ የሚባል ጄኔራል ነበር። ሰልፈኛው ላይ ታንክ እንዲያዘምት ሲታዘዝ፣ ፊቴ ያለው ጠላት አይደለም ብሎ እምቢ አለ። ሰልፉ አለፈ። ከተማው አደባባይ ሲደርስ ግን ሌሎች ወታደሮች ተኮሱ። በኋላ በታወቀው ቁጥር 26 ሰዎች ሞቱ፣ 87 ቆሰሉ። አስከሬናቸው በሌሊት በየቦታው ተበታትኖ ተቀበረ። ሰባት ሰዎች በፍርድ ተረሸኑ። ከመቶ በላይ ታሰሩ። ጄኔራሉም ከጊዜ በኋላ ከፓርቲው ተባረረ። ወሬው እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ታፍኖ ኖረ።

ሁለቱን ያስቀመጥኳቸው «ሁለቱም ያው ናቸው» ለማለት አይደለም። ያው አይደሉም። አንደኛው ቸልተኝነትና ስግብግብነት ነው፤ ሌላኛው በትእዛዝ የተተኮሰ ጥይት። ሳቫር ላይ የፋብሪካው ባለቤት ግለሰብ ነው፣ ኖቮቸርካስክ ላይ መንግሥት ነው። ነገር ግን ልብስ ሰፊዋም ባቡር ሠሪውም ያጡት አንድ ነገር ነው። አንገታቸውን ሳይሰጡ «አይሆንም» የሚሉበት በር አልነበራቸውም።

ይህ ለምን ይሆናል? ሥራ ለምን እንደ ሌላ ገበያ አይደለም?

እህል ያለው ሰው ዋጋው ካልጣመው ጎተራው ውስጥ ያቆየዋል፤ ለከርሞ ይሸጠዋል። ጉልበት ጎተራ የለውም። ዛሬ ያልሸጥኩት የሥራ ቀን ዛሬ ማታ ጠፋ፣ አለቀ። ሌላም አለ። እህል ስሸጥ ጆንያው ይሄዳል፣ እኔ ቤቴ እቀራለሁ። ጉልበቴን ስሸጥ ግን እኔው ራሴ አብሬ እሄዳለሁ። ሳንባዬ እዚያ አቧራ ይስባል። ጣቴ እዚያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ሽንት ቤት ለመሄድ የማስፈቅደው እዚያ ያለውን ካቦ ነው። ስለዚህ የሥራ ውል ከሌላው ውል ይለያል።

ይህን መጀመሪያ ያየው ማርክስ ይመስላችሁ ይሆናል። አዳም ስሚዝ፣ የነፃ ገበያ አባት የሚባለው ሰው፣ በ1776 ነገሩን አስቀምጦታል። ሥራ ቢቆም ጌታው ባጠራቀመው አንድ ሁለት ዓመት ይኖራል፤ ሠራተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሳምንት እንኳ አይዘልቅም ይላል። ጌቶች ደሞዝ እንዳይጨምር በዝምታ እንደሚስማሙ፣ ሕጉ ግን ሠራተኞች ሲስማሙ ብቻ እንደሚከለክልም ጽፏል። ስሚዝን እንደ ጋሻ የሚያነሡ ሰዎች ይህን ክፍል ሲያነሡት ብዙም አልሰማሁም። ማርክስ ከዘጠና ዓመት በኋላ መጥቶ ከዚያው ቦታ ነው የተነሣው፤ መደምደሚያው ነው የተለየው። «ሠራተኛው በነፃነት ነው የፈረመው» ሲባል እኔ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል የሚለው አባባል ነው። ፊርማው የራሱ ነው፣ አዎ። ጭንቀቱስ?

አሁን ሁለቱንም ወገን በጠንካራ ጎናቸው ልያዛቸው። ደካማውን ጎን መምታት ቀላል ነው፤ ግን አያስተምርም።

የካፒታሊዝም ጠንካራ ክርክር ይህ ነው፦ ሠራተኛው ካልተመቸው ይለቃል። ቀጣሪዎች ብዙ ከሆኑ ደህና ሠራተኛ ለማግኘት እነሱ ይሻማሉ፣ ደመወዝም ይጨምራል። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። የመኪና ፋብሪካ ባለቤቱን ሄንሪ ፎርድን እዩ። በ1913 መገጣጠሚያ መስመሩ ላይ ሰው አልቆይ አለው። ሥራው አሰልቺ ነበር፣ ፍጥነቱም ይገድላል። የሚለቀው ሰው ብዛት በዓመት 370 በመቶ ደረሰ፤ አንዱን ቦታ ዓመቱን ሙሉ ለመሙላት ከሦስት ሰው በላይ መቅጠር ነበረበት። በጃንዋሪ 1914 የቀን ክፍያውን እጥፍ ያህል አድርጎ 5 ዶላር አለ፣ የሥራ ሰዓቱንም ወደ 8 ዝቅ አደረገ። ማንም ሕግ አላስገደደውም። ያስገደዱት ጥለው የወጡት ሰዎች ናቸው። ጥሎ መውጣትም እምቢታ ነው።

ነገር ግን 5 ዶላሩ ከነሙሉው የሚሰጠው ኑሮው «የተስተካከለ» ለሆነ ሠራተኛ ነበር። ፎርድ ይህን የሚያጣራ ክፍል አቋቁሞ ቤት ለቤት ሰው ይልክ ነበር። ይጠጣል ወይ? ገንዘብ ያጠራቅማል ወይ? ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ? ደመወዝ የሚከፍለው ሰው ሳሎን ድረስ ገባ ማለት ነው። ማኅበር ግን አልፈቀደም። ፎርድ የሠራተኛ ማኅበርን የተቀበለው በ1941 ነው፣ ያውም ከአድማ በኋላ።

ደግሞስ የሚወጡበት ሌላ በር ከሌለ? በዚያው በ1914፣ 5 ዶላሩ ከታወጀ ከሦስት ወር በኋላ፣ በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ሉድሎ በሚባል ቦታ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አድማ ላይ ነበሩ። የማዕድኑ ዋና ኩባንያ በሮክፌለር ቤተሰብ ቁጥጥር ሥር ነበር። ሠራተኞቹ የሚኖሩት በኩባንያው ቤት ነው፣ የሚሸምቱት በኩባንያው ሱቅ ነው። አድማ ሲመቱ ከቤታቸው ተባረሩ። ድንኳን ተክለው የክረምቱን ብርድ እዚያ አሳለፉ። ኤፕሪል 20 ቀን ወታደሮች ድንኳኖቹን በመትረየስ መቱ፣ አቃጠሉ። ከአንዱ ድንኳን ሥር ጉድጓድ ውስጥ የተደበቁ ሁለት ሴቶችና 11 ሕፃናት በጭስ ታፍነው ሞቱ። አንድ አገር፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ሥርዓት። ፎርድ ባለበት ዲትሮይት ሠራተኛው ብዙ አማራጭ ነበረው። ሉድሎ ላይ አሠሪውም አከራዩም ባለሱቁም አንድ ኩባንያ ነበር።

ወደ ሶሻሊዝም ስንመጣ ጠንካራው ክርክር ይህንን ነው የሚያነሣው። አሠሪውን ራሱን አስወግደው፤ ሠራተኛው ባለቤት ይሁን፤ ያን ጊዜ እምቢ የሚባል ሰውም አይኖርም። ስሰማው ልቤን ይነካኛል። የሰው ልጅ ካሰባቸው ትላልቅ ሐሳቦች አንዱ ይመስለኛል። ሶቪየት ኅብረትም ያደረገችው ነገር አለ። ያልተማረ ሕዝብ አስተምራለች፣ ሕክምና በነፃ ሰጥታለች፣ ሥራ አጥነትን ከሞላ ጎደል አጥፍታለች። ይህን መካድ ሐቀኝነት አይደለም።

ችግሩ ባለቤቱ ሲወገድ አለቃው አለመወገዱ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ሰዓት ይዞ የሠራተኛውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰከንድ የሚለካ። ሌኒን በፊት ሲነቅፈው ኖሮ በ1918 የቴይለርን አሠራር እንውሰድ አለ። አብዮቱ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ከዚያ በ1935 ስታካኖቭ የሚባለው ቆፋሪ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ከሰል አወጣ ተባለ፤ ኮታው 7 ቶን ነበር። ረዳቶች እንደነበሩት ያኔ አልተወራም። ጀግና ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሁሉም ሰው ኮታ ተጨመረ። በ1940 ደግሞ ከ20 ደቂቃ በላይ ማርፈድ ወንጀል ሆነ። ሥራ ያለፈቃድ መልቀቅ እስር አመጣ። ይህ ሕግ የተሻረው በ1956 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ፎርድን እጁን የጠመዘዘው ያ ጥሎ የመውጣት መብት፣ የሠራተኛ መንግሥት ነኝ ባለው አገር የሚያሳስር ሆነ።

ሉድሎ ላይ አሠሪ፣ አከራይና ባለሱቅ አንድ ሆኑ አልን። እዚህ ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ጋዜጣውም፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርም ያው አንድ ሆኑ።

በኋላ ሕጉ ሲላላ ሠራተኛው በዝምታ እምቢ ማለት ጀመረ። «እነሱ የሚከፍሉን ያስመስላሉ፣ እኛም የምንሠራ እናስመስላለን» የሚለው ቀልድ የዚያ ዘመን ነው። ብዙ ሰው ይህን የስንፍና ማስረጃ አድርጎ ያወራዋል። እኔ አልስማማም። አፉን የተዘጋ ሰው በእጁ ነው የሚመልሰው። ምርቱ ይበላሻል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ መጠጡ ይበዛል። ያ ሁሉ ተናግሮ መደመጥ ያልቻለ ሰው ተቃውሞ ነው።

ይህን በግልጽ ያወጡት የግዳንስክ ሰዎች ናቸው። ፖላንድ፣ ኦገስት 1980፣ በሌኒን ስም የሚጠራ የመርከብ መሥሪያ። አና ቫለንቲኖቪች የምትባል የክሬን ሠራተኛ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀራት ተባረረች። ጥፋቷ በየጊዜው ለሠራተኛው መብት መናገሯ ነው። ጓደኞቿ ወደ ሥራዋ ትመለስ ብለው ሥራ አቆሙ። ሌክ ዋሌሳ የሚባል ተባርሮ የነበረ ኤሌክትሪሺያንም መጥቶ ተቀላቀለ። ከዚያ 21 ጥያቄ በጣውላ ላይ ጽፈው አወጡ። የመጀመሪያው ምን ይላል? ከፓርቲውም ከአሠሪውም ነፃ የሆነ ማኅበር ይፈቀድልን። ሁለተኛው? የሥራ ማቆም መብት ይረጋገጥልን። ደመወዝ ከዚያ በታች ነው የመጣው። ሥጋ ተወዶ፣ ሱቅ ባዶ ሆኖ፣ እነዚያ ሰዎች ገንዘቡን አላስቀደሙም። የመናገር መብት ካለን ደመወዙን ራሳችን እንደራደርበታለን ማለታቸው ነው። ሶሊዳሪቲ የተባለው ማኅበራቸው ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አባል አፈራ። የሠራተኛው መንግሥት ዲሴምበር 1981 ወታደራዊ አገዛዝ አውጆ አገደው። በ1989 ግን ቁጭ ብሎ መደራደር ግድ ሆነበት።

«እሺ፣ ታዲያ ካፒታሊዝም አሸነፈ በለና» የሚለኝ ሰው እዚህም አይጠፋም። ትንሽ ቆይ። የስምንት ሰዓት ሥራ፣ ጡረታ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የአደጋ ካሳ ከየት የመጡ ይመስላችኋል? ከነፃ ገበያ በረከት ብቻ አልመጡም። ጀርመን ውስጥ የጤና መድን በ1883፣ የአደጋ መድን በ1884፣ የጡረታ ሕግ በ1889 ሲወጡ ያወጣቸው የጀርመን መንግሥት መሪ የነበረው ቢስማርክ ነው። ሶሻሊስት አልነበረም። በዚያው ጊዜ ሶሻሊስቶችን በሕግ አግዶ የሚያሳድድ ሰው ነው። ሠራተኛው ወደ እነሱ እንዳይሄድበት ፈርቶ ነው የሰጠው። በ1919 የዓለም ሥራ ድርጅት ሲቋቋምና የመጀመሪያው ስምምነቱ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሲል፣ የሩሲያ አብዮት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በፍርሃት የተሰጠ መብትም መብት ነው፤ አልንቀውም። ፍርሃቱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ግን አይተናል። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ ከሠራተኛው ሲሶ ያህሉ የማኅበር አባል ነበር። ዛሬ ከአሥር አንድ ገደማ ነው።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው የትኛውን ነው? ሳልሸሽ ልንገራችሁ። ብዙ ቀጣሪ ያለበትን ገበያ እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም የሚወጣበት በር ያለው ሰው አይረገጥም። በዚያ ገበያ ውስጥ ግን ሠራተኛው ተደራጅቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ወንበር ኖሮት መቀመጥ አለበት። ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። ስዊድን ውስጥ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። አሠሪዎችና ማኅበሮች በ1938 በተስማሙት መንፈስ እርስ በርስ ይደራደራሉ፤ ከአሥር ሠራተኛ ዘጠኙ ገደማ በኅብረት ስምምነት ሥር ነው። ጀርመን በ1976 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ከ2,000 ሠራተኛ በላይ ባለው ኩባንያ የተቆጣጣሪ ቦርዱን ግማሽ ወንበር ሠራተኞች ይመርጣሉ። ድምፅ እኩል ሲሆን የሊቀመንበሩ ይበልጣል፣ እሱም ብዙውን ጊዜ የባለአክሲዮኖች ሰው ነው። ሙሉ እኩልነት አይደለም እንግዲህ። ግን ፋብሪካ ሊዘጋ ሲታሰብ ሠራተኛው ወሬውን ከጋዜጣ አይሰማውም፤ ስብሰባው ውስጥ ተቀምጧል።

በስፔን የባስክ ምድር ያለው ሞንድራጎንም ይጠቀሳል፤ ከ1956 ጀምሮ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የኅብረት ሥራ ቡድን። አከብራቸዋለሁ። በ2013 ከመካከላቸው አንዱ፣ ፋጎር፣ ሲከስር ብዙዎቹን አባላት ሌሎቹ ኅብረቶች ወስደው ሥራ ሰጧቸው። ውጭ አገር ባሉት ፋብሪካዎቻቸው የሚሠሩት ግን በአብዛኛው ተራ ቅጥረኞች ናቸው፣ ድምፅ የላቸውም። ባለቤትነት እንኳ ደጃፍ አለው ማለት ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ ልዝለለው አልችልም። ሠራተኛው እምቢ ካለ ፋብሪካው ነቅሎ ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ለዚህ አንድ አገር ብቻውን መልስ የለውም። ግን ከራና ፕላዛ በኋላ የሆነውን እዩ። በዚያው በ2013 የልብስ ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት ፈረሙ። ከ200 በላይ ብራንዶች ገቡበት። ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎች ተፈተሹ። ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ ሠራተኛው አደገኛ ሕንፃ ውስጥ አልገባም የማለት መብት አለው የሚል ነው። ደመወዙ ሳይቆረጥ። በዚያ ጠዋት ደጅ ላይ ቆመው ለነበሩት ሰዎች የጎደላቸው ይህ አንድ አንቀጽ ነበር። ብራንዶቹም በዚህ ምክንያት አገሩን ጥለው አልሄዱም።

አሁን ደግሞ አለቃው በስልክ ውስጥ ገብቷል። የታክሲ መተግበሪያ ላይ የሚሠራ ሰው «የራስህ አለቃ ነህ» ይባላል። በፌብሩዋሪ 2021 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኡበርን ጉዳይ አይቶ፣ ሾፌሮቹ ሠራተኞች ናቸው፣ ዝቅተኛ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ ይገባቸዋል ብሎ ወሰነ። ዳኞቹ መኪናው የማን እንደሆነ አይተው አልቆሙም፤ መኪናውማ የሾፌሩ ነው። የተመለከቱት ሌላ ነው። ዋጋውን ማን ይወስናል? ውሉን ማን ጻፈው? ሾፌሩ ጥሪ ሲመጣ አልቀበልም ቢልስ? ደጋግሞ አልቀበልም ያለ ሾፌር ከመተግበሪያው ወጥቶ ለ10 ደቂቃ ተመልሶ እንዳይገባ ይደረግ እንደነበር መዝገቡ ላይ አለ። የማኅበር ሊቀመንበር ተመርጦ ቢመጣ እንኳ የሚያናግረው ካቦ እዚያ የለም። ኮታውን ያወጣው፣ ቅጣቱን ያዘዘው ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም እንዴት እንደሚወስን የማወቅና የመደራደር መብት በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ገና አልገባም፤ በገባበትም ጅምር ላይ ነው። የዛሬ ሠራተኛ ማኅበሮች ጉልበታቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉ እመኛለሁ።

ከእኔ ጋር የማትስማሙ እጃችሁን አውጡ፣ ከእናንተ እንጀምር።